ያደረ ሥዕል ለአዲስ ታሪክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፥ ፊልማችን ከመታየቱ በፊት በድራማና በፊልም ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



በመርሐ ግብሩ ላይ ለእኛ የተያዘልን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም የ11 ደቂቃ ፊልም ማሳየት ነው። ነገር ግን ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ጥቂት ቃል እንድንናገር ፈቃድ ጠይቀን ተሰጥቶናል። ይህንንም የጠየቅነው ንግግር ማድረግ አምሮን ሳይሆን የምንከፍለው ዕዳ ስላለብን ነው።

ዕዳው እንዲህ ነው። ከ3 ሳምንት በፊት ፊልሙን ለክፍል አለቆችና ለጥቂት መምህራን ለሙከራ አሳይተን ነበር። ታሪኩ ከዚሁ ከሰፈራችን ከሳንሱሲ ተነሥታ ወደ ማርስ ስለምትሄድ አንዲት ሮኬት ነው። በ3ኛው ደቂቃ ላይ ሮኬቷ እሳት እየተፋች ስትነሣ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ጋብ ሲል የፊዚክስ መምህራችን ብድግ ብለው «ጎበዞች፥ ይህችን ሮኬት ከእናንተ ማን ሠራት?» ሲሉ ጠየቁ። እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ መልስ የሰጠ አልነበረም። ሮኬቷን ከእኛ መካከል ማንም አልሠራትምና። ከአንድ የውጭ አገር ፊልም 14 ሴኮንድ ቆርጠን በእኛ ፊልም ውስጥ የቀጠልናት ነበረች።

መምህራችን አልተቈጡም። «እንግዲያው ሂዱና ይህ ነገር በዓለም ላይ እንዴት እንደሚሠራ አጥንታችሁ ንገሩን» ብለው ብቻ ተቀመጡ። ዛሬ የምናቀርበው ያንን መልስ ነው። የውጭ አገር ፊልሞችን ዓመት በፈረንጆች፥ የአገራችንን ነገር ደግሞ በእኛ አቈጣጠር እንደምንጠራ አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ከሌላው ፊልም ይልቅ ስለምን ገንዘብ እንደሚፈጅ እንመልከት። ስለ ባልና ሚስት ጠብ ፊልም ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ቤት ተከራይቶ ሁለት ተዋንያን ቢያገኝ ይበቃዋል። ስለ ጨረቃ ለመሥራት የተነሣ ግን ጨረቃን የሚያከራየው ሰው ስለሌለ ጨረቃን ራሱ መሥራት አለበት። መንኰራኵሩን፥ ልብሱን፥ ሰማዩን ሁሉ ከባዶ ያበጃል። በሲኒማ ደንብ አንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ይፈጃል፤ አንድ ደቂቃም 1440 ሥዕል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊዬስ በ1902 «ጉዞ ወደ ጨረቃ» የተባለውን ፊልም በሠራ ጊዜ ጨረቃውንም ሮኬቱንም በቀለም በተቀባ ሸራና በእንጨት አቁሞ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚህ ሙያ ሰዎች ሐሳባቸው ሰማይ፥ ኪሳቸው ምድር ሆኖ ኖረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኪስ ሲያጥር ምን ይደረጋል? አንደኛው ብልኃት ያለውን ዕቃ መልሶ መጠቀም ነው። በ1930 «ጀስት ኢማጂን» በተባለ የአሜሪካ ፊልም የተሠራችው ሮኬት በ1936 በ13 ክፍል በቀረበው «ፍላሽ ጎርደን» ውስጥ እንደ አዲስ ሆና ታይታለች። በ1950 «ዴስቲኔሽን ሙን» ለተባለው ፊልም የተሰፉት የጠፈር ልብሶች በሚከተለው ዓመት «ፍላይት ቱ ማርስ» በተባለው ፊልም ተዋንያን ተለብሰዋል። ወደ ጨረቃ የሄደው ልብስ ሳይታጠብ ወደ ማርስ ሄደ ማለት ነው። በ1953 የወጣው «ሮቦት ሞንስተር» ደግሞ የሮቦት ልብስ የሚያሠራበት ገንዘብ ስላጣ፥ ለአንድ ሰው የጎሪላ ቆዳ አልብሶ በራሱ ላይ የጠላቂ ቈብ የመሰለ ነገር ደፋበት። ሰው እስከ ዛሬ ይስቅበታል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ሁለተኛው ብልኃት ዕቃውን ሳይሆን የተነሣውን ሥዕል ራሱን መልሶ መጠቀም ነው። በ1940 «አንድ ሚሊዮን ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት» የሚል ትርጉም ያለው ፊልም ሲሠራ በእንሽላሊቶች ጀርባ ላይ ክንፍ መሳይ ነገር ለጥፈው ቀረብ ብለው በማንሣት የጥንት ዘመን ግዙፍ አውሬ አስመሰሏቸው። የእነዚያ እንሽላሊቶች ጠብ ከዚያ በኋላ በብዙ ርካሽ ፊልሞች ውስጥ እየተቈረጠ ገብቷል፤ አሁን በጠቀስነው በጎሪላው ፊልም ውስጥ እንኳ ይገኛል። እንሽላሊቶቹ አንድ ቀን ተጣልተው ለብዙ ዓመት ሲጣሉ ኖሩ።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። በ1966 በቴሌቪዥን የጀመረው «ስታር ትሬክ» መንኰራኵሩን በየሳምንቱ በአንድ ፕላኔት ላይ ለማሳረፍ ገንዘብ አልበቃው ሲል፥ ሰዎቹ በብርሃን ጨረር ብን ብለው ጠፍተው ሌላ ቦታ የሚገለጡበትን መሣሪያ ፈጠረ። ከድህነት የተወለደው ይህ መሣሪያ የፊልሙ ዋና መታወቂያ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ገደማ የሥራው ጊዜ ሲያጥርባቸው፥ ቀደም ሲል ተሠርቶ ለሕዝብ ያልታየውን የመጀመሪያውን የሙከራ ፊልም በአዲስ ታሪክ መካከል እንደ ትዝታ አስገብተው ሁለት ክፍል አወጡበት። በ1979 የወጣው የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልማቸው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ ነበር፤ በ1982 የወጣው ሁለተኛው ግን 12 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ስለ ተሰጠው መንኰራኵሯ ከማረፊያዋ ስትወጣ የሚታየውን ሥዕል ከመጀመሪያው ወስዷል። ይህም ሆኖ ብዙ ተመልካች የሚወደው ሁለተኛውን ነው።

በዚያው በ1982 የወጣው «ብሌድ ራነር» በመጨረሻው ላይ ከተራራና ከደን በላይ የሚበርር ሥዕል ያሳይ ነበር። ሥዕሉ ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 ላወጣው «ዘ ሻይኒንግ» ከሄሊኮፕተር ላይ አስነሥቶት የተረፈ ነው። የተወሰደው ግን በር ተንኳኵቶ፥ ባለቤቱ ተጠይቆ፥ ፈቅዶ ነው።

ስለ ፈቃድ ካነሣን ዘንድ ሮጀር ኮርማን ስለ ተባለው አሜሪካዊ ጥቂት እንናገር። ይህ ሰው በትንሽ ገንዘብ ብዙ ፊልም በመሥራት በዓለም የታወቀ ነው። በ1980 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ «ባትል ቢዮንድ ዘ ስታርስ» የተባለውን ፊልም ሲያሠራ መንኰራኵሮቹን ከሠሩት ወጣቶች አንዱ በኋላ «ታይታኒክ»ንና «አቫታር»ን የሠራው ጄምስ ካሜሮን ነበር። ኮርማን የመንኰራኵሮቹን ውጊያና ሙዚቃውን በ1983 «ስፔስ ሬደርስ» ለተባለ ፊልም እንደ ገና ተጠቀመበት። የራሱ ንብረት ስለሆነ የሚከስሰው ሰው የለም።

ነገር ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ያደረገው ነገር ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በሶቪየት ኅብረት በ1959 «ሰማይ ይጣራል» የሚል ትርጉም ያለው ያማረ የጠፈር ፊልም ተሠርቶ ነበር። ኮርማን ይህንን ፊልም በገንዘቡ ገዛው፤ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላም በአዲስ መልክ እንዲያዘጋጀው ተደረገና በ1962 በሌላ ስም ወጣ። በ1962 ፓቬል ክሉሻንትሴቭ የሠራው «የማዕበል ፕላኔት»ም እንዲሁ ተገዝቶ በ1965ና በ1968 ሁለት የአሜሪካ ፊልሞች ወጡበት። ግዢው ሕጋዊ ነበር። ይሁን እንጂ በ1962ቱ ፊልም ላይ የሩሲያውያኑ ስም ተፍቆ በምትኩ የእንግሊዝኛ የፈጠራ ስሞች ተጻፉ። ጊዜው ሁለቱ መንግሥታት የተፋጠጡበት ስለ ነበር ነጋዴው ስማቸው ገበያ ያበላሽብኛል ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፥ ስንት ሌሊት ተቀምጦ መንኰራኵር የቀረጸ ሰው ሥራው በሌላ አገር ሲጨበጨብለት ስሙ አልተጠራም። ገንዘብ ሥዕሉን ይገዛ ይሆናል፤ የሠሪውን ስም ግን ሊፍቅ የሚገባው አይመስለንም።

ሦስተኛው መንገድ ሳይከፍሉም ሳይጠይቁም መውሰድ ነው። በ1982 በቱርክ አገር «ዓለምን ያዳነው ሰው» የተባለ ፊልም ወጥቶ ነበር። በውስጡ የሚታየው የጠፈር ውጊያ ከአሜሪካው «ስታር ዋርስ» ያለ ፈቃድ የተቈረጠ ነው። ዋናው ተዋናይ መንኰራኵር የሚነዳ መስሎ ተቀምጦ፥ ከጀርባው የሌላ ሰው ፊልም ይታያል። የቱርክ ሕዝብ ፊልሙን እየሳቀም ቢሆን ይወድደዋል፤ ፊልሙም ብዙ ድፍረት አለበት። እኛም ስንመለከተው ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም አልን፤ የእኛ ሮኬት ከየት እንደ መጣች ትዝ ብሎን ነበርና።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ፊልም ከገንዘብ እጥረት ጋር የተዋወቀው ትናንት አይደለም። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ጥቁርና ነጭ በሆነ ባለ 16 ሚሊሜትር ፊልም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዳነሣው የታወቀ ነው፤ ሆኖም በዓለም ከሚከበሩት የአፍሪካ ፊልሞች አንዱ ሆኗል። በሳይንስ ልብ ወለድ በኩል ደግሞ በ2015 በፈረንጆች አቈጣጠር በሮተርዳም የፊልም በዓል የታየውን «ክራምብስ»ን እናገኛለን፤ ትርጉሙ ፍርፋሪ ማለት ነው። ያዘጋጀው ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ ሲሆን፥ ተዋንያኑ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው።

የዚህ ፊልም ብልኃት ለእኛ ትልቅ ትምህርት ሆኖናል። ሌላው ዓለም ባዕድ ፕላኔት ለመሥራት ሚሊዮን ዶላር ሲያፈስስ፥ እነርሱ ካሜራቸውን ተሸክመው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ዳሎል ሄዱ። ቢጫና አረንጓዴ የሆነው የዳሎል ጨውና ድኝ እግዚአብሔር የሠራው ስለሆነ ኪራይ አይጠየቅበትም። በሰማይ ላይም ከብዙ ዘመን በፊት የተተወች አንዲት ዝገታም መንኰራኵር ተንጠልጥላ ትታያለች፤ ስለማትንቀሳቀስ ወጪዋ ቀላል ነው፤ ስለማትንቀሳቀስ ደግሞ ታስፈራለች። ከጥፋት የተረፉት ሰዎችም የፕላስቲክ አሻንጉሊትንና የማይክል ጃክሰንን ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ይቈጥሩታል። ነገሩን ያየ ሰው መርካቶ ምናለሽ ተራን ማስታወሱ አይቀርም። በዚያ ሰፈር የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ፥ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል። ጧት ጧት በበራችን «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ሰውም ቢሆን ያለቀ ነገር የለም፥ ያላሰብንበት ነገር ነው ያለው ብሎ የሚሰብከን ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ያደረ ሥዕል ሁልጊዜ እንደ ቆርቆሮ የዋህ አይደለም። ስለዚህ ነገር ከአገራችን ታሪክ አንድ ከባድ ምሳሌ አግኝተናል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ስለ ደረሰው ረሃብ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ደነገጠ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ምሽት ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የቀረበው ግን እንደ ነበረ አይደለም፤ ከረሃቡ ሥዕል ጐን የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል እየተቀጠለበት ነበር። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጐን ለጐን ያስቀመጠው መቀስ ግን ሦስተኛ ንግግር ተናገረ። ስለ ንግግሩ ትክክለኛነት ዛሬ ለመፍረድ አልተነሣንም፤ የአባቶቻችን ጉዳይ ነውና በየቤታችን እንጠይቅ። እኛ ለማለት የፈለግነው ሥዕል ከተነሣበት ቦታ ተቈርጦ ሌላ ቦታ ሲገባ ትርጉሙ እንደሚለወጥ፥ ስለዚህም ቈራጩ ያደረገውን ነገር በግልጽ የመናገር ግዴታ እንዳለበት ነው። ይህ ነገር እያንዳንዳችን በእጃችን ስልክ በያዝንበት በዛሬው ዘመን ከቶ የከበደ ሆኗል።

ይህንን ሁሉ ካጠናን በኋላ ክበባችን ተሰብስቦ ተከራከረ። ግማሾቻችን «14 ሴኮንድ ምን አላት? ዓለም ሁሉ ያደርገው የለም?» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ፊልሙ ይቅር» አልን። ክርክሩን የፈታችልን በሰፈራችን ሰልባጅ ልብስ የምትሸጥ የአንዱ ባልደረባችን እናት ናት። ቡና እያፈላች ስትሰማን ቈይታ «ልጆቼ፥ ሰልባጅ መልበስ ነውር አይደለም፤ ይህንን ልጅ ያሳደግሁት በዚሁ ነው። ነውሩ ሰልባጅ ለብሶ ልብስ ሰፊ በልኬ ሰፋልኝ ማለት ነው» አለችን። ከዚህ በላይ የሚባል አላገኘንም።

ስለዚህ ያቺን ሮኬት ከፊልማችን አወጣናት። በምትኳም አንዲት ሠራን። አካሏ ሦስት የድልህ ጣሳ ነው፤ ክንፎቿ የካርቶን፥ አፍንጫዋ የውሃ ፕላስቲክ ጫፍ ነው። ቁመቷ 40 ሳንቲሜትር ሲሆን በታሪኩ ውስጥ 10 ሜትር ናት እንላለን፤ ይኸውም 25 እጅ አንሳለች ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን በስልክ ስናነሣት አሻንጉሊት መሆኗ ወዲያው ታወቀ። ምክንያቱን የነገሩን እኒያው የፊዚክስ መምህራችን ናቸው። ከ10 ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ 1.43 ሴኮንድ ሲፈጅበት፥ ከ40 ሳንቲሜትር የሚወድቅ ግን በ0.29 ሴኮንድ ይደርሳል፤ 5 እጅ ይፈጥናል። ዓይናችን ትንሽነቱን የሚያውቀው በመጠኑ ሳይሆን በፍጥነቱ ነው። 5 ማለት ደግሞ የ25 ስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ በ24 ፈንታ በሴኮንድ 120 ሥዕል አንሥተን በ24 ስናሳየው፥ ጢሱም አቧራውም እንደ ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ተነሣ። ያን ጊዜ ነው በክፍል የጻፍነው ቀመር ለምን እንደሚጠቅም የገባን።

ጢሷ የስንዴ ዱቄት ነው፤ የነፋነውም በብስክሌት መንፊያ ነው። ከጀርባዋ የሚታየው ቀይ ሰማይ በቡራዩ በኩል ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሣ የራሳችን ሰማይ ነው። የምትነሣውም በቀጭን ክር ተጐትታ ነው፤ ክሩን የጐተተው ልጅ እጁ ስለ ተንቀጠቀጠ ሮኬቷ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ስምንት ጊዜ ደጋግመን ሞከርን፤ ስምንት ጊዜ አዘነበለች። ወጪዋ ሁሉ 480 ብር ነው፤ አብዛኛው የዱቄቱ ዋጋ ነው።

አንድ ነገር አልደበቅናችሁም እንድትሉን ደግሞ ይህንን እንጨምራለን። በ9ኛው ደቂቃ ሮኬቷ ማርስ ላይ ስትደርስ የምታዩት መነሣት፥ በ3ኛው ደቂቃ ያያችሁት ያው ሥዕል ወደ ኋላ ተመልሶ ሲታይ ነው። ሁለተኛ ለማንሣት ዱቄቱ አልቆብን ነበር። ነገር ግን ይህ የራሳችን ያደረ ሥዕል ነው፤ በመጨረሻም በጽሑፍ ተገልጿል። ጣሳውን የሰጠን ሰው፥ ክሩን የጐተተው ልጅና ቀመሩን ያስረዱን መምህር ሁሉ በዚያው ተመስግነዋል።

ውድ አድማጮቻችን፥ ትምህርት ቤታችን እነሆ ብዙ ዓመት ቈጥሮ ዛሬ ልደቱን ያከብራል። ከበፊቶቹ ተማሪዎች የተረከብነው ወንበርም መጽሐፍም ያደረ ነው፤ ባደረ ወንበር ተቀምጦ አዲስ ነገር መማር እንደሚቻል ግን እናንተ ወላጆቻችን ምስክሮች ናችሁ። ለሚቀጥሉት ተማሪዎች የምናስተላልፈው ሥራ ትንሽ ቢሆንም፥ ማን እንደ ሠራው ሲጠየቁ እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ እንፈልጋለን።

እንግዲህ መብራቱ ይጥፋ። ሮኬቷ ስታዘነብል መሳቅ የሚፈልግ ቢኖር በደስታ ይሳቅ። የፊዚክስ መምህራችን ግን ከሦስት ሳምንት በፊት የጠየቁንን ጥያቄ እንደ ገና ቢጠይቁን ደስ ይለናል፤ ዛሬ መልስ አለንና።